አንድ በረኪና፣ አራት ሰው፦ የኬሚስትሪ ጽሑፍን በውክፔዲያ ላይ በጋራ መጻፍ

ቤታችሁ ውስጥ በረኪና አይጠፋም። መታጠቢያ ቤት ጥግ ላይ ቆሟል። ውስጡ ያለው ምንድን ነው? ከአቼቶ ጋር ቢገናኝ ምን ይሆናል? ይህን በአማርኛ ማወቅ የፈለገ ሰው ስልኩን ሲያወጣ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ማን እንደጻፈው የማይታወቅ የማኅበራዊ ሚዲያ ምክር ነው። እኔ በአማርኛ ውክፔዲያ ላይ የኬሚስትሪ ጽሑፍ መጻፍ የጀመርኩት በዚህ ተናድጄ ነው።

ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ተጀመረ። ማንም መጻፍና ማረም ይችላል፤ ጸሐፊዎቹ ደሞዝ የላቸውም። የእንግሊዝኛው እትም በኬሚስትሪ ላይ ብቻ የሚሠሩ የተደራጁ ቡድኖች አሉት። አማርኛው ግን ትንሽ ነው፤ ጽሑፎቹ 15 ሺህ አካባቢ ናቸው። የሚጠብቃችሁ ቡድን ስለሌለ ራሳችሁ ትሰበስባላችሁ። አራት ሰው ይበቃል። እንዴት እንደሚሠራ በረኪናን ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሂድ።

መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ጽሑፍ

መለያ ክፈቱ። እውነተኛ ስማችሁን መስጠት ግዴታ አይደለም። ከዚያ ሥራውን ተከፋፈሉ። አንዱ ይጽፋል። አንዱ ቁጥሮችን ብቻ ያጣራል። አንዱ ሥዕልና ፎቶ ይይዛል። አራተኛው ኬሚስትሪ ባያውቅ ይመረጣል፤ ሥራው ማንበብና «ይሄ አልገባኝም» ማለት ነው። በእኔ ልምድ ከሁሉም የሚጠቅመው ይሄ ሰው ነው። ጎበዝ የሆነ ታናሽ ወንድም ወይም የጎረቤት ተማሪ ፈልጉ።

የምትነጋገሩት የት ነው? ቴሌግራም ይቀናል፤ አውቃለሁ። ግን ውሳኔ የተወሰነበትን ነገር ሁሉ በጽሑፉ የውይይት ገጽ ላይ አስፍሩት። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው የእናንተን ቴሌግራም አያይም። «ለምን እንዲህ ተጻፈ?» ብሎ ሊለውጠው ሲል መልሱን እዚያው ማግኘት አለበት። በውይይት ገጽ ላይ ስትጽፉ መጨረሻው ላይ ፈርሙ። አራት የሞገድ ምልክቶችን (~~~~) አከታትላችሁ ስትጽፉ ስማችሁና ሰዓቱ በራሱ ይገባል።

ከመካከላችሁ በረኪና የሚያመርት ወይም የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ካለ፣ ይህንን ቀድሞ በግልጽ ይጻፍ። ነውር የለውም። ነውሩ ሲደበቅ ነው።

ስለ ምንድን ነው የምንጽፈው?

ቀላል ይመስላል። አይደለም። በረኪና እና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት አንድ ነገር አይደሉም። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ከሶዲየም፣ ከክሎሪንና ከኦክስጅን የተሠራ ውህድ ነው። በረኪና ግን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፤ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውህዱ በመቶ ጥቂት ብቻ ይሆናል። ለቤት ውስጥ ውሃ ማከሚያ የሚሸጠው ውሃ አጋርም ያው ውህድ ያለበት፣ ግን የቀጠነ ፈሳሽ ነው።

ይህን ሳትለዩ ከጀመራችሁ መሐል ላይ ትምታታላችሁ። የውህዱን ክብደት ጽፋችሁ የጠርሙሱን ጠረን ታስከትላላችሁ። እንግሊዝኛው ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ለማንጫ በአጠቃላይ፣ ሌላው ለውህዱ። እኛ ሰው ስለሌለን አንድ ገጽ ይበቃናል ብላችሁ ልትወስኑ ትችላላችሁ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ግን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ሁለቱን ለዩ፤ ውሳኔውንም በውይይት ገጹ ላይ ጻፉት።

ርዕሱስ? ሰው የሚፈልገው «በረኪና» ብሎ ነው። ስለዚህ ርዕሱ በረኪና ይሁን። «ሶዲየም ሃይፖክሎራይት» ብሎ የሚፈልግም ወደዚሁ እንዲመጣ፣ ወደ ዋናው ጽሑፍ የሚመራ ባዶ ገጽ ክፈቱለት። «ሶዲየም ሀይፖክሎራይት»፣ «ሶድየም ሃይፖክሎራይት»፣ «ሶዲየም ሃይፖክሎራይድ» ለሚለውም እንዲሁ። የመጨረሻው ስህተት ነው፤ ሰው ግን ይጽፈዋል። አማርኛ ላይ ይህ ሥራ ከሌላ ቋንቋ ይበልጥ ይበዛል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሃ አሉ። ኦክስጅን፣ ኦክሲጅን፣ ኦክሲጂን አሉ። የመፈለጊያው ሳጥን ለእኛ አንድ የሚመስለንን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ አያይም።

ፊደል ላይ ጭቅጭቅ መነሳቱ አይቀርም። ሲነሳ የእንግሊዝኛዎቹን እርቅ አስታውሱ። አሜሪካኖቹ አሉሚኒየምን በራሳቸው አጻጻፍ፣ እንግሊዞቹ ድኝን በራሳቸው አጻጻፍ ካልጻፍን ይሉ ነበር። መፍትሔው የዓለም አቀፉን የኬሚስትሪ ኅብረት የአዩፓክን አጻጻፍ መከተል ሆነ። ለአሉሚኒየም የእንግሊዞቹ፣ ለድኝ የአሜሪካኖቹ። ሁለቱም ወገን አንድ አንድ ነገር ለቀቀ። እኛ አዩፓክ የለንም። ግን በአማርኛ የሚያስተምሩ የሳይንስ መማሪያዎች አሉ። ተማሪ የለመደውን ቃል ያዙ፤ ንጥረ ነገር፣ ውህድ፣ ድብልቅ። ድኝ፣ መዳብ፣ እርሳስ፣ ባዜቃ የመሰለ የኖረ ስም ያለውን በስሙ ጥሩት። ለሶዲየምና ለክሎሪን ግን አዲስ አማርኛ አትፍጠሩ። ውክፔዲያ ቃል የሚመዘገብበት እንጂ የሚወለድበት ቦታ አይደለም።

ምንጭ

ውክፔዲያ ላይ «አውቀዋለሁ» አይሠራም። የኬሚስትሪ መምህር ብትሆኑም አይሠራም። የጻፋችሁት ነገር አንባቢ ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችል የታተመ ምንጭ ይፈልጋል። በረኪና በጨርቅ ላይ ሞክራችሁ ያያችሁትን መጻፍም አይቻልም፤ ያ የራስ ምርምር ነው።

ለኬሚስትሪ ጥሩ ምንጭ የሚባሉት የታወቁ የዩኒቨርሲቲ መማሪያዎች፣ የኬሚካል መረጃ ማውጫዎችና የጤና መሥሪያ ቤቶች የደኅንነት መመሪያዎች ናቸው። የአምራች ማስታወቂያ ምንጭ አይደለም። ሌላ ቋንቋ ያለ ውክፔዲያም ምንጭ አይሆንም። እዚያ ገብታችሁ ታች የጠቀሱትን መጽሐፍ ፈልጉ፣ አንብቡ፣ ከዚያ መጽሐፉን ጥቀሱ።

ምንጮች ሲጣሉ ምን ታደርጋላችሁ? በረኪና ጥሩ ምሳሌ አለው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ በ1780ዎቹ መጨረሻ በፓሪስ ዣቬል በተባለው ቦታ ክሎሪንን በፈሳሽ ውስጥ አሳልፎ ማንጫ ሠራ። ፈሳሹ ምን ነበር? አንዳንዱ ጸሐፊ ፖታሽ ነው ይላል። ሌላው ሶዳ ይላል። ዳኛ አትሁኑ። «አንዳንድ ምንጮች ፖታሽ፣ ሌሎች ሶዳ ይላሉ» ብላችሁ ሁለቱንም ጥቀሱና እለፉ።

ስሙስ ከየት መጣ? ጣልያንኛው «ቫሬኪና» ነው። እሱም ከፈረንሳይኛው «ቫሬክ» የመጣ ነው፤ የባሕር አረም ማለት ነው። ድሮ ሶዳ የሚገኘው ከባሕር አረም አመድ ነበርና። አቼቶም ጣልያንኛ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር አንባቢ ይወደዋል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጡት፤ ግን እሱም ምንጭ ይኑረው።

መጻፍ

በቀጥታ ዋናው ገጽ ላይ አትጀምሩ። በአባል ገጻችሁ ሥር መሞከሪያ ገጽ ክፈቱና እዚያ ጻፉ። አራታችሁም እዚያው ታርሙታላችሁ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ጊዜ አጥፉ። እኛ መጀመሪያ የጻፍነው ይህን ነበር፦ «በረኪና የሶዲየም ሃይፖክሎራይት የውሃ ሶሉሽን የሆነ ኦክሲዳይዚንግ ኤጀንት ሲሆን ለብሊቺንግና ለዲስኢንፌክሽን አገልግሎት ላይ የሚውል ኬሚካል ነው።» አራተኛዋ ሰዋችን አንብባ «እሺ፣ ምንድን ነው ታዲያ?» አለች። እንደገና ጻፍነው፦ «በረኪና ልብስ ለማንጣትና ጀርም ለመግደል የሚያገለግል ፈሳሽ ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ውህድ አለበት።» ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር። ኬሚስትሪው አልጎደለም። «ኦክሳይድ ማድረግ» የሚለው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ከነማብራሪያው ይመጣል።

ከእንግሊዝኛው የምትተረጉሙ ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ማሽኑ የሰጣችሁን እንዳለ አትለጥፉ። ማሽን «ቤዝ»ን፣ የአሲድ ተቃራኒውን፣ «መሠረት» ይለዋል፤ «ሶሉሽን»ን፣ ነገር የሟሟበትን ፈሳሽ፣ «መፍትሔ» ይለዋል። «የመሠረት መፍትሔ» የሚል ጽሑፍ አይቼ አውቃለሁ፤ የፓርቲ ፕሮግራም ነበር የመሰለኝ። ሁለተኛ፣ የውክፔዲያ ጽሑፍ ነጻ ነው ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ፈቃዱ ምንጩን እንድትጠሩ ያስገድዳል። ስታስቀምጡ በማጠቃለያው መስመር ላይ ከየትኛው ገጽ እንደተረጎማችሁ ጻፉ፤ ማያያዣውንም ጨምሩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቀመር ስትጽፉ ከታች የምትቀመጠውን ትንሽ ቁጥር በማረሚያው መሣሪያ ዝቅ አድርጓት። ከሌላ ቦታ የተገለበጠች ልዩ ምልክት አንዳንድ ስልክ ላይ ሳጥን ሆና ትታያለች።

ቁጥሮች

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። የኬሚስትሪ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ነው።

በቀኝ በኩል የምታዩት የመረጃ ሳጥን በእንግሊዝኛው ኬምቦክስ ይባላል። እሱን ወደ አማርኛ ማምጣት ይቻላል፤ ግን ከሥሩ ብዙ ሌላ መለጠፊያ፣ ማለትም በየገጹ የሚገባ ዝግጁ ቅጽ፣ ይጎትታል። አንዱ ከጎደለ ገጹ በቀይ ጽሑፍ ይሞላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ኧረ ተዉት። ስድስት መስመር ያለው ተራ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ስም፣ ቀመር፣ የሞል ክብደት፣ መልክ፣ ካስ ቁጥር፣ አደጋ።

የሞል ክብደትን በእጅ ደምሩት፤ የውህዱ አቶሞች ክብደት ድምር ነው። ሶዲየም 22.99፣ ክሎሪን 35.45፣ ኦክስጅን 16.00። ድምሩ 74.44። ምንጩ ሌላ ቁጥር የሚል ከሆነ አንዱ ተሳስቷል።

ካስ ቁጥር ለእያንዳንዱ ኬሚካል የሚሰጥ መታወቂያ ነው። የሚሰጠው በአሜሪካ የኬሚስትሪ ማኅበር ሥር ያለ አንድ ተቋም ነው። ተቋሙ ከውክፔዲያ በጎ ፈቃደኞች ጋር ተባብሮ ቁጥሮችን ሲያጣራ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ኮመን ኬሚስትሪ የተባለ ነጻ መፈለጊያ ከፈተ። ያኔ 7,800 ያህል ኬሚካል ነበረው፤ በ2021 ወደ 500 ሺህ ተጠጋ። ቁጥር ለማመሳከር እዚያ ሂዱ። ጽሑፉን ግን አትገልብጡ፤ ፈቃዱ ለንግድ መጠቀምን ስለሚከለክል ከውክፔዲያ ጋር አይሄድም።

የሶዲየም ሃይፖክሎራይት ካስ ቁጥር 7681-52-9 ነው። የመጨረሻዋ 9 መቆጣጠሪያ ናት። እንዲህ ፈትሹት። 9ኟን ተዉ። የቀሩትን ከቀኝ ወደ ግራ በተራ ቁጥራቸው አባዙ፦ 2 በ1፣ 5 በ2፣ 1 በ3፣ 8 በ4፣ 6 በ5፣ 7 በ6። የሚመጣው 2፣ 10፣ 3፣ 32፣ 30፣ 42 ነው። ድምሩ 119። መጨረሻው 9 ነው፤ ልክ ነው። እጃችሁ ተሳስቶ 7681-25-9 ብትጽፉስ? ድምሩ 116 ይሆናል። 6 እና 9 አይገናኙም፤ ተያዘ።

ይህ ግን ሁሉንም አይዝም። የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ስለ መዳብ ሰልፌት ስጽፍ የሚያምር ሰማያዊ ክሪስታል ፎቶ አገኘሁ። ከጎኑ የሞል ክብደት 159.6፣ ካስ ቁጥር 7758-98-7 ብዬ አስቀመጥኩ። ቁጥሩን ፈተሽኩ፤ አለፈ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ለወራት ማንም ምንም አላለም። በኋላ አንድ ተማሪ የውይይት ገጹ ላይ «ይቅርታ፣ ይሄ ነጩ አይደል እንዴ?» ብሎ ጻፈ። ልክ ነበር። የእኔ ቁጥሮች ውሃ የሌለበት የመዳብ ሰልፌት ናቸው፤ እሱ ነጣ ያለ ዱቄት ነው። ሰማያዊው በውስጡ አምስት የውሃ ሞለኪውል የያዘው ነው፤ ክብደቱ 249.7፣ ቁጥሩም 7758-99-8። ሁለቱም ቁጥሮች ፈተናውን ያልፋሉ። ጎረቤታሞች ናቸው። ስለዚህ ቁጥር አጣሪው ሰው «ቁጥሩ ልክ ነው?» ብሎ ብቻ አያቁም፤ «የየትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ውሃ ያለው ነው የሌለው? ጠጣር ነው የሟሟ?

እንግሊዝኛዎቹ የተጣሩ ቁጥሮችን የሚጠብቅ ቦት፣ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ሠርተው ነበር። የተረጋገጠ ቁጥር በሌላ ሰው ሲነካ ሳጥኑ ላይ ምልክት ያደርግ ነበር። እኛ ቦት የለንም። ቀላሉ ዘዴ፦ ቁጥሮቹን አጣርታችሁ ስትጨርሱ የውይይት ገጹ ላይ «ሁሉም ቁጥሮች በዚህ ቀን፣ ከዚህ ምንጭ ጋር ተመሳክረዋል» ብላችሁ ፈርሙ። ነገ አንድ ሰው 74.44ን 77.44 ቢያደርገው ወደዚያ ቀን ታሪክ ተመልሶ ማየት ይቻላል።

ሥዕል

ፎቶ ራሳችሁ አንሱ፤ የውክፔዲያዎች ሁሉ የጋራ የሥዕል ማከማቻ በሆነው ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ጫኑት። ከጉግል የተወሰደ ፎቶ ይሰረዛል። የጠርሙሱን የንግድ ምልክት ወደ ኋላ አዙሩት፤ ማስታወቂያም አይመስልም፣ የምልክት መብት ጥያቄም አያስነሳም። የሞለኪውል ሥዕል ለበረኪና ብዙም አያስፈልግም። ካፌይን ላይ ስትደርሱ ግን የግድ ነው። ያኔም አትጨነቁ፤ የሞለኪውል አቀማመጥ የተፈጥሮ እውነታ ስለሆነ ራሳችሁ ብትስሉት የሚከለክላችሁ የለም። ብዙዎቹም ኮመንስ ላይ ተሥለው ተቀምጠዋል።

አደጋ እና «እንዴት ልጠቀም?»

ውክፔዲያ መመሪያ አይደለም። «ለአንድ ባልዲ ይህን ያህል ክዳን» ብላችሁ አትጻፉ። የጠርሙሶቹ ጥንካሬ ይለያያል። በቆመ ቁጥርም፣ በተለይ ብርሃንና ሙቀት ካገኘው፣ እየደከመ ይሄዳል። የእናንተን መጠን ያመነ ሰው ውሃውን ሊመርዝ ወይም ጭራሽ ሳያክመው ሊቀር ይችላል። የሕክምና ምክርም እንዲሁ አይጻፍም።

አደጋውን ግን በግልጽ ጻፉት። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ፣ አቼቶም ቢሆን፣ የመጸዳጃ ማጽጃ አሲድም ቢሆን፣ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከአሞንያ ጋር ክሎራሚን የሚባሉ መርዘኛ ጋዞች ይወጣሉ። ይህ ምክር ሳይሆን ኬሚስትሪ ነው፤ ምንጩም ሞልቷል። «በጣም አደገኛ!!!» ብሎ መጮህ አያስፈልግም። የሚወጣውን ጋዝ ስሙን ጻፉ፤ ሳንባን እንደሚጎዳ ጻፉ፤ በቃ።

ማውጣትና ከዚያ በኋላ

አራተኛው ሰው የትም ሳይደናቀፍ እስከ መጨረሻ ካነበበው፣ ጽሑፉን ወደ ዋናው ቦታ አዛውሩት። መደብ ስጡት፤ ኬሚስትሪ፣ የክሎሪን ውህዶች። የሁሉንም ቋንቋ ገጾች በሚያያይዘው የመረጃ ቋት በዊኪዳታ በኩል ከሌሎቹ ቋንቋዎች ገጾች ጋር አገናኙት። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ያ የበረኪናና የውህዱ ልዩነት ተመልሶ ይመጣል። ዊኪዳታ ላይ ሁለቱ የተለያዩ ናቸውና የእናንተ ገጽ የየትኛው ወንድም እንደሆነ ወስኑ።

አንድ ሰው መጥቶ የጻፋችሁትን ቢሰርዝ ደጋግማችሁ አትመልሱት። አንዴ መልሱ፣ ምክንያቱን በማጠቃለያው ጻፉ፤ እንደገና ከሰረዘው ወደ ውይይት ገጹ ሂዱ። «አንተ ማን ነህ?» ሳይሆን «የትኛው ምንጭ ይህን ይላል?» በሉ። እኔ አንዴ ለግማሽ ቀን ከማላውቀው ሰው ጋር ስመላለስ ውዬ፣ ኋላ ላይ ሰውየው ልክ ሆኖ ተገኘ። ገጹን በምትከታተሏቸው ገጾች ውስጥ ጨምሩት፤ አራታችሁም። በሳምንት አንዴ ማየት ይበቃል።

ከመዝጋታችሁ በፊት የውይይት ገጹ ላይ ያልጨረሳችሁትን ዘርዝሩ። የእኛው ይሄ ነው፦ የቤርቶሌ አንቀጽ ሁለተኛ ምንጭ ይፈልጋል፤ ፎቶው ደብዛዛ ነው፤ «ክሎራሚን» የሚለው ቀይ ማያያዣ ገና ገጽ የለውም።